በበርሜል የሚመጣ እንግዳ

ለጣና ዳር ሽማግሌዎች፣ ለዕድሜ እኩዮቼ፤

በፋሲካ ሰሞን ዋርካው ሥር ተቀምጠን ሳለ ያ ልጅ መጥቶ ጉልበታችንን እንደሳመ ታስታውሳላችሁ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ደልደል ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ናስ የሚያብረቀርቅ፣ በከንፈሩ ጥግና ጥግ አጫጭር ሪዝ ያበቀለ ዓሣ ነበር። «ካርፕ ይባላል፣ አባቶቼ» አለን። ከቤቱ በታች፣ ወደ ጉማራ በሚወርደው ጅረት አጠገብ ኩሬ ቆፍሮ ሊያረባው አስቧል። ጫጩቶቹን ከሩቅ አገር በበርሜል የሚያመጣለት ሰው አግኝቷል። ዓሣው ያገኘውን ይበላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ለመጪው ሁዳዴ ገበያ ይደርሳል። ቄሱ መስቀል አሳለሙት፤ የዕድራችን ዳኛ «ይባርክልህ» አሉ፤ እናንተ «አሜን» አላችሁ። እኔም አሜን አልኩ።

ያቺ አሜን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ልጁ አታላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ገሥጸን እንመልሰው ነበር። እሱ ግን አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ታናናሾቹን ያሳደገ፣ ኩሬውን በገዛ እጁ የቆፈረ፣ ሳይጠይቀን እግሩን የማያነሣ ልጅ ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። እኔ ባየሁትና ባነበብኩት ሁሉ ይህ ዓሣ ወደማያውቀው ውሃ የገባው በክፉ ሰው እጅ አይደለም። ወይ ማንም ሳያየው ሾልኮ ገብቷል፣ ወይ ደግ ሰው ተሸክሞት፣ ሽማግሌ መርቆት፣ ሴቶች እልል ብለውለት ገብቷል።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ጡረታ ወጥቶ ንብ የሚጠብቅ ሰው ሆኜ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሠላሳ ዓመት ያህል በዓሣ ሥራ እንጀራ በልቻለሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ አብረውኝ ከነበሩት ብዙዎቹ አፈር ለብሰዋል። ለልጆቼ እንኳ ያልነገርኩትን አንድ ነገር ግን ዛሬ ለእናንተ እነግራለሁ።

ከዚህ ሩቅ በሆነ፣ ውሃው ወደ ጣና በማይወርድ አገር፣ ለመስኖ የተሠራ አነስ ያለ ግድብ ነበር። ሁለት ሰማያዊ በርሜል በላንድሮቨር ጭነን ሌሊቱን ሙሉ ተጓዝን። በርሜሎቹ ውስጥ የትንሿን ጣት ግማሽ የማያህሉ የካርፕ ጫጩቶች ነበሩ። አየር እንዲያገኙ በየመንገዱ እየቆምን ክዳኑን እንከፍታለን፤ ውሃውን በጣሳ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈሳለን። ስንደርስ ሕዝቡ ወጥቶ ጠበቀን። ወዲያው አልደፋናቸውም። የበርሜሉ ውሃ ሞቋል፣ የግድቡ ቀዝቃዛ ነው፤ ድንገት ቢቀላቀሉባቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ሱሪዬን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ቆምኩና የግድቡን ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ ወደ በርሜሉ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩ። በሌላው እጄ ደግሞ ሙቀቱን እየዳሰስኩ፤ ልክ ሕፃን ልታጥብ ውሃ እንደምታስተካክል እናት። አንድም እንዳይሞትብኝ ነበር ጭንቀቴ። ከዚያ በርሜሉን ጋደም አደረግነው፤ ጫጩቶቹ እንደ ጥቁር ክር እየተመዘዙ ገቡ። የአገሩ ሽማግሌ መረቁን። በግ ታረደ። ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ፣ እኔን ጨምሮ፣ አንድም ሰው አልጠየቀም።

በአራተኛው ዓመት ለሥራ ተመልሼ ሄድኩ። የግድቡን ዳር ከብቦት የነበረው ፊላ ሳስቷል። በውሃው ውስጥ ሲወዛወዝ ይታይ የነበረው ሣር የለም። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ መስሏል፤ ክንዴን እስከ ክርኔ ሳስገባ ጣቶቼ አልታዩኝም። እንስራዋን ልትሞላ የወረደች አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህ ውሃ አድሮም አይጠራ፤ እንደ ጠላ ብናቀርረው እንኳ እንቢ አለ» አለችኝ። ዓሣ ግን ሞልቷል፣ አልዋሽም። ክረምት ሲሆን ግድቡ በማስተንፈሻው ሲፈስ ዓሣውም ወንዙን ይዞ አብሮ ወርዷል። ከታች ያሉት ሰዎች ይህን ዓሣ ማን እንደላከባቸው አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በቅርብ ላሳያችሁ። ካርፕ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። አፉን እንደ ቱቦ ወደ ታች ይዘረጋና ጭቃውን ይመጠዋል፤ ትሉንና ዘሩን ያስቀርና ጭቃውን መልሶ ይተፋዋል። አንዱ ቢያደርገው ምንም አይደል። ሺህና አሥር ሺህ ሲሆኑ ግን የሐይቁን ወለል እንደ ታረሰ ማሳ ይገለብጡታል። ሥር የሰደደው ሣር ይነቀላል፣ ደለሉ ይነሣል፣ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፣ ብርሃን ያጣው ሣር ደግሞ ይሞታል። ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ከየማሳው ታጥቦ የመጣ ማዳበሪያም አብሮ ይነሣና ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አየር ባነሰበት፣ ሌላው ዓሣ አፉን ከፍቶ በሚሞትበት ውሃ ካርፕ ይኖራል። የደፈረሰ ውሃ ይሠራል፣ በሠራው የደፈረሰ ውሃም ይመቸዋል።

አሁን ቆሮሷችንን አስቡ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን በአፉ እየዛቀ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እዚያ ትጥላለች፤ ወዲያውም ዕንቁላሏን ለቅማ በአፏ ትይዛለች። እስኪፈለፈሉ፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ለቀናት፣ አፏን ቤት አድርጋላቸው ትኖራለች። ልጆች ሳለን በመረብ የወጣች እናት ቆሮሶ ታንኳው ወለል ላይ አፏ ሲከፈት ጫጩት ሲፈስባት አላያችሁም? አባቴ ያን ሲያይ ዝም ብሎ መልሶ ይለቃት ነበር። እንዲህ ተጠንቅቃ የምታሳድገው ጥቂት መቶ፣ በጣም ከበዛ ሺህ ሁለት ሺህ ነው። ትልቅ የካርፕ እናት በአንድ ወቅት ከሚሊዮን በላይ ዕንቁላል ሣር ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። የልጆቿ ነገር ከዚያ ወዲያ ጉዳይዋ አይደለም፤ ከሚሊዮኑ መቶዎቹ ቢተርፉ ይበቋታል። የቆሮሶው ጎጆ ያለበት ዳርና ካርፑ ጭቃ የሚምግበት ዳር ደግሞ አንድ ነው።

ይህ ዓሣ አገራችን የገባው ትናንት አይደለም። ከአውሮፓ መጥቶ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በታች ባለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ተጨመረ። ያ ውሃ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ሲገደብ ካርፑ ሰፊ ግቢ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ዝዋይ ውስጥ ታየ፤ በአዋጅ አልገባም፣ በስህተት ነው የገባው። ዝዋይ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ የሚጠልቅ ውሃ ነው፤ ለጭቃ መጋቢ ከዚህ የተሻለ ማዕድ የለም። ቱሉ ጉዶና ሌሎቹ ደሴቶች ላይ የሚኖሩት ዛዮች ከእነርሱ በፊት የነበሩ አባቶቻቸው ከማያውቁት ዓሣ ጋር ዛሬ ይኖራሉ። ቀድሞ የዝዋይ ገበያ ማለት ቆሮሶ ማለት ነበር። በሥራ ዘመኔ መጨረሻ ዝዋይ ወርጄ አንድ ማለዳ መረብ ሲወጣ ቆሜ አየሁ፦ ካርፕ፣ ካርፕ፣ አምባዛ፣ ካርፕ፤ ከዚያ መዳፍ የማይሞላ አንድ ቆሮሶ። አጥማጁ ቆሮሶውን አንሥቶ ለልጁ ሰጠው፤ ለገበያ አይሆንማ።

በእርግጥ ያ አጥማጅ ዛሬ ልጆቹን የሚያበላው በካርፕ ነው። ይህን ሸሽጌ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። የእኛም ልጅ የሚለው ይህንኑ ነው፦ «ዓሣ ዓሣ ነው፣ ድሃ ይበላበታል።» ግን ሰውየው ሁለት ዓሣ አላገኘም። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ተቀበለ፤ በልዋጩ ደግሞ ማንም አላማከረውም። የሰጠው ሰው ሁሉ የሚሻማበትን፣ የተቀበለው ሥጋው መሐል እንደ ሹካ የተሰነጠቀ አጥንት የሞላበትን ነው። በእንግድነት ቀርቦልኝ በልቼዋለሁ። ለልጅ ልጄ አላጎርስም።

ወሎ ሄዶ ሐይቅ እስጢፋኖስን የተሳለመ ከመካከላችን አይጠፋም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ያ ገዳም ያለበት ውሃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቆሮሶ እንኳ የዚያ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የተጨመረው፣ ያውም በበጎ ሐሳብ። ውሃው ቀድሞ እጅግ የጠራ ነበር። ቆሮሶው ሲበዛ አረንጓዴውን ሻጋታ የሚግጡትን ጥቃቅን ነፍሳት በላቸው፤ ግጦሹን የሚበላለት ያጣው ውሃም አረንጓዴ ለበሰ ብለው ያጠኑት ሊቃውንት ጽፈዋል። ዛሬ እዚያ ካርፕም አለ፤ ከበላዩ ባለው አርዲቦም አለ። ለእኛ የቤት ልጅ የሆነው ቆሮሶ እዚያ እንግዳ ሆኖ ይህን ካደረገ፣ ክፋቱ ዓሣው ላይ አይደለም ማለት ነው። ካርፕም በራሱ አገር፣ በራሱ ወንዝ፣ የሚገታው ጠላትና በሽታ ባለበት ሥፍራ ጨዋ ፍጥረት ነው።

አሁን ወደ እኛው ጣና ልመለስና ትንሽ ልቆይበት። ጣና ከጭስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥሎ የኖረ ውሃ ነው። 40 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል ከታች ያለ ዓሣ አይወጣውም። በዚያ መነጠል ውስጥ እኛ «ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም ጠቅልለን ጠብሰን የምንበላው ፍጥረት ልዩ ልዩ ሆኖ ተከፋፈለ። ሊቃውንቱ 17 ዓይነት ቆጥረዋል፤ 15ቱ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። አንዱ ከንፈረ ወፍራም፣ አንዱ አፉ ወደ ላይ የዞረ፣ አንዱ ዳር ዳሩን ብቻ የሚውል። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖራቸው! አባቶቻችን ሳይማሩ ያውቁት ነበር፤ በመረብ ያወጡትን አንዱን ከአንዱ በከንፈሩና በራሱ ቅርጽ ይለዩት ነበር። እኛ ነን አንድ ስም የሰጠነው።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ በሌላ አንድ ሐይቅ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ውሃ። የነጭ ዓሣችን የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ እነሱም በአንድ ሐይቅ ውስጥ በዝተው ተከፋፍለው የኖሩ። ከውጭ የመጡ ዓሦች ገቡባቸው፤ ከመጠን ያለፈና አጥፊ የሆነ አጠማመድም ተጨመረበት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 መዝገቡን ሲያወጣ፣ በዚያ ሐይቅና በመውጫ ወንዙ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 17 ዓሦች 15ቱ ፈጽመው ጠፍተዋል፣ የቀሩት ሁለቱም አንድም ጠፍተዋል አንድም ሊጠፉ ተቃርበዋል አለ። 17 እና 15። ቁጥሩ ከጣናው ጋር ሲገጥምብኝ መነጽሬን አውልቄ ለብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ።

ካርፕ ራሱ የነጭ ዓሣ ዘመድ መሆኑን ደግሞ አትርሱ፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዘመድ የሚበላውን ዘመድ ይበላል፣ የዘመድ በሽታም ለዘመድ ይቀርባል። ከእስያ ካርፖች ጋር ዓለምን የዞረ አንድ የዓሣ ኮሶ አለ። ደቡብ አፍሪካ ገብቶ በቫል ወንዝ ውስጥ የነጭ ዓሣችን የቅርብ ዘመድ በሆነው በትልቁ ቢጫ ዓሣ አንጀት ውስጥ ሰፍሮ ተገኝቷል። ለሰው ኮሶ እናቶቻችን መድኃኒቱን ያውቁ ነበር። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ውስጥ ላለ ዓሣ ግን ኮሶውን ማን ያጠጣዋል?

ነጭ ዓሣው ደግሞ ጤነኛ ሆኖ አይደለም እንግዳ የሚቀበለው። በዚህ እኛም እጃችን አለበት። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣል። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋው ማን ነው? ገባር ወንዙ ውስጥ ብርብራ ወቅጦ የጨመረው ማን ነው? ስማችሁን አልጠራም፤ ተሳስቀን የተጨዋወትንበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት ውስጥ የጣና ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ ብለው አጥኚዎቹ ጽፈዋል። የቤቱ ባለቤት ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ነው እንግዲህ በሩን ለጎልማሳ እንግዳ የምንከፍተው።

እንግዳ አረም ምን እንደሚያደርግ በእምቦጭ አይታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ ተባለ፤ «አበባው እንዴት ያምራል» ያልን ነበርን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከየአገሩ ሰው በአውቶብስ እየመጣ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ፣ በእጁ ሲነቅል ዋለ። ልጆቻችን እግራቸው በአልቅት ተበልቶ ተመለሱ። አሁንም አላለቀም። እምቦጭ እንኳ የሚታይ ነገር ነው፤ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይያዛል፣ ተከምሮ ይደርቃል። ከሥር ያለውን፣ የሚሸሸውን፣ ሌሊት የሚበላውን ዓሣ በየትኛው ዘመቻ ነው የምንነቅለው?

ሞክረው የተሳካላቸው አሉ፤ የተሳካላቸውን ስሙና ፍረዱ። በአውስትራሊያ ደቡብ ባለችው የታዝማኒያ ደሴት ክሬሰንት የሚባል ሐይቅ አለ፤ ስፋቱ ያንን የወሎውን ሐይቅ ያህላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ካርፕ ተገኘበት። መንግሥት ሐይቁን አጠረ፣ መውጫውን በወንፊት ዘጋ፣ ሠራተኛ መድቦ በመረብም በኤሌክትሪክም ያሳድዳቸው ጀመር። በመጨረሻ ብልሃት አገኙ፦ የተያዙ ወንድ ካርፖችን ሆድ ሰንጥቀው ትንሽ ራዲዮ ቀብረው ለቀቋቸው። ዓሣው ጓደኞቹን ፈልጎ ሲቀላቀል ራዲዮው ይጮሃል፤ አሳዳጆቹ መጥተው መንጋውን ያፍሳሉ። ስሙን ይሁዳ አሉት። ይሁዳ ጌቶቹን እያገለገለ፣ የመጨረሻው ካርፕ የወጣው በ2007 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት፣ የሀብታም አገር ገንዘብ፣ አንድ ትንሽ ሐይቅ። ጣና የዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው።

«ኩሬ እኮ ነው፣ ሐይቅ አይደለም» ብሎኛል ልጁ፣ በኋላ ብቻውን አግኝቼ ሳጫውተው። ፎገራ ላይ ተወልዶ እንዲህ ማለቱ ገረመኝ። በየክረምቱ ጉማራና ርብ አልጋቸውን ለቀው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ የሩዙ ማሳና ሐይቁ አንድ ሲሆኑ፣ ኩሬ የሚባል ነገር የት አለ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ውሃው ቤታችን ገብቶ ከብት ሲወስድ እሱ ሕፃን ነበር፤ እኛ ግን እናስታውሳለን። የጎረቤታችንን የኬንያን ናይቫሻ ሐይቅ ጠይቁ፤ እዚያም ካርፕ የገባው ሳይታሰብ ነው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከአጥማጁ መረብ አብዛኛውን ያዘ። ቺካጎ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ በስልኩ አንድ ነገር ላከልኝ፦ ጀልባ ሲያልፍ ክንድ የሚያህሉ ዓሦች ከውሃው እየተስፈነጠሩ ሰው ሲመቱ። ሌላ ዓይነት ካርፕ ነው፣ ከእስያ የመጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደቡቡ አገራቸው ያሉ ገበሬዎች ኩሬያቸውን እንዲያጸዳላቸው አስመጡት፤ ጎርፍ ከየኩሬው አወጣው፤ ወንዝ ለወንዝ ወደ ሰሜን ወጣ። ዛሬ ወደ ታላላቆቹ ሐይቆቻቸው እንዳይገባ በቦዩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ዘርግተው ይጠብቃሉ። የእህቴ ልጅ እየሳቀ ነው የላከልኝ። እኔ ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት።

«ሕግ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የዓሣ ሀብት አዋጅ አለ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣ፤ በሥራ ዘመኔ ጠረጴዛዬ ላይ ይውል ነበር። ግን አዋጅ ሌሊት በሚጓዝ አይሱዙ ላይ የተጫነ ጀሪካን አያይም። የሚያየው ሰፈር ነው። ኩሬ ሲቆፈር የምናየው እኛ፣ በርሜል ሲራገፍ የምንጠራው እኛ፣ «ምን ይመስላችኋል?» ተብለን የምንጠየቀው እኛ። ግድብ በተሠራ ቁጥርም «ዓሣ ይጨመርበት» የሚል ጥያቄ አይቀርም፤ ከጣና በላይ ያሉ ወንዞቻችን እየተገደቡ ነው። ጠያቂው ወይ ፎቶግራፍ ይዞ የመጣ እንግዳ ይሆናል፣ ወይ የገዛ ልጃችን። ያን ጊዜ ከመስቀሉና ከምርቃቱ በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ዓሣው ከየት ውሃ መጣ? የኩሬው ትርፍ ውሃ ወዴት ይወርዳል? መልሱ ወደ ጣና ከሆነና ዓሣው የጣና ካልሆነ፣ ምርቃታችንን ኪሳችን ውስጥ እናቆየው።

ደግሞ «አይሆንም» ብለን ብቻ ብንሸኘው ሌሊት ያመጣዋል። ልጅ የከለከሉትን እንዴት እንደሚያደርግ እኛው ነን የምናውቀው። ከዚሁ ከጣና የወጣ ቆሮሶ በኩሬ ይረባል፤ እኔ አሳየዋለሁ፣ ጉልበቴ እስካለ። ከዝዋይ ወይም ከሌላ የመጣ ቆሮሶ አልልም፤ እሱም ደሙ ሌላ ነው። ካርፕን ያህል በፍጥነት አይገዝፍም፣ ልጁም ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ያለችኝን ሁለት የንብ ቀፎ ማር ሸጬ የመጀመሪያውን ዓመት ጉድለት እሸፍንለታለሁ ብያለሁ። ሌላው ከእናንተ ነው። ዕድሩ ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው?

እኔ በዕድሜዬ ጣና ላይ በመረቤ ካርፕ አግኝቼ አላውቅም። ይህን ቃል የምጽፈው ሌላ ሰው ከእኔ በኋላ እንዲህ ብሎ መጻፍ እንዲችል ነው።

ግንቦት እያለቀ ነው። ልጁ ሰኔ ሲገባ፣ ኩሬው የመጀመሪያውን ዝናብ ሲይዝ፣ በርሜሉን ሊያስመጣ ነው። ትላንት በቤቱ በኩል አልፌ አየሁት፦ ሁለት ባዶ ሰማያዊ በርሜሎች አጥቦ ከጣራው ጠርዝ ሥር አቁሟቸዋል፣ እኔ በላንድሮቨር የጫንኳቸውን የመሰሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ እሱ ቤት እሄዳለሁ። አሜን ያልነው አብረን ነውና ብቻዬን እንዳትልኩኝ። ቄሱና የዕድሩ ዳኛ ቢከተሉኝ ይበቃኛል።